ለዶሮ ወጥ የሚሆን ወይን

አባቴ የት እንደምሠራ ሲጠይቁኝ "ሱቅ ውስጥ" እላቸው ነበር። ውሸት አይደለም። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ ኪንግ ስትሪትን ይዞ ወደ ወንዙ ለሚወርድ ሰው፣ ወደ ግራ የምታስገባ መንገድ ላይ ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። መግቢያው ላይ የወይራ ዘይት፣ ደረቅ ፓስታ፣ አይብና የታሸገ ቲማቲም አለ። ስለነዚህ ለአባቴ በዝርዝር ነግሬያቸዋለሁ። ከነሱ ጀርባ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረው ሁሉ ግን የጣሊያን ወይን ጠጅ ነው። ስለሱ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። "ግሮሰሪ ነው" ብዬ በእንግሊዝኛው እንዳልገላገል፣ አዲስ አበባ ግሮሰሪ ማለት ሰው ቢራውን ይዞ የሚቆምበት ቤት መሆኑን አባቴም እኔም እናውቃለን።

አባቴ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ የቪዛ ፕሮሰስ ጀምሬላቸው ወደ እኔ መጡ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ አብረን እንኖራለን። እዚህ ሰው የሚያውቃቸው በአማርኛ በምናመልክባት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነታቸው ነው። ቤታችን ውስጥ፣ አገር ቤትም ሆነ እዚህ፣ ጠላ እንኳ ገብቶ አያውቅም። ሰርግ ስንጠራ እናቴ የለስላሳውን ጠርሙስ ራሷ ከፍታ ነበር የምትሰጠን። እኔም በዚያው አደግኩ፤ እሁድ እሁድ ሕፃናትን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ አስተምር ነበር።

ታዲያ ወይን መሸጫ ምን አገባሽ ብትሉኝ፣ አፍንጫዬ ነው ያስገባኝ። አገር ቤት የምግብ ዘይት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። መሣሪያ አላጣንም፤ አለቃችን ግን ከመሣሪያው በፊት እኔን ነበር የሚጠይቀኝ። መበላሸት የጀመረ ዘይት ማንም ሳያውቅበት ይሸተኛል። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ያ ሙያ የትም አላስገባኝም። የአረጋውያን መጦሪያ ኪችን ውስጥ ዕቃ ሳጥብ ከረምኩና፣ አንድ ቀን የሥራ ማስታወቂያ አይቼ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ።

ባለሱቁ ያኔ ስልሳዎቹን ያጋመሰ፣ አያቶቹ ከጣሊያን፣ ከአብሩዞ ተራራ የመጡ አሜሪካዊ ነበር። "ሚስተር" ስለው ተቆጥቶ በስሜ ጥሪኝ ስላለኝ፣ እስከ ዛሬ "እሱ" ነው የምለው።

"ወይን ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አላውቅም። አልጠጣምም።"

"ታዲያ ምን ታውቂያለሽ?"

ጠረጴዛው ላይ ለቅምሻ የተከፈተ የወይራ ዘይት ነበር። አንስቼ አሸተትኩት። "ይሄ ፀሐይ ነክቶታል" አልኩ። "ሰው ሳይመልሰው በፊት ብታነሳው ይሻላል።"

ጠርሙሱን ተቀብሎ አሸተተ። መስኮቱን አየ፣ እንደገና ጠርሙሱን አየ። "ሰኞ ጀምሪ" አለኝ።

የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት አይብ ስቆርጥና ሒሳብ ስቀበል ነው ያሳለፍኩት። ጎን ለጎን ግን ጆሮዬ ይማር ነበር። እሱ ሱቅ ውስጥ ውድ ወይን የለም ማለት ይቻላል። ውድ ወይን ሻጭ አያስፈልገውም፣ ዋጋው ራሱ ያወራለታል ይላል። የእሱ ነገር ማክሰኞ ከሥራ የገባ ሰው፣ ፓስታ ቀቅሎ፣ ሳይሳቀቅ የሚከፍተው ጠርሙስ ነው። ደንበኛ ሲገባ ስለ ወይን አይጠይቅም፤ "ዛሬ እራት ምንድን ነው?" ነው የሚለው። በግ ነው ካሉት ወደ አያቶቹ አገር ወይን፣ ወደ ሞንቴፑልቺያኖ ይወስዳቸዋል፤ እዚያ ተራራ ላይ በጉን በትንንሹ ከትፈው በእንጨት ሰክተው ከሰል ላይ ይጠብሱታል፣ ወይኑም ለዚያ የተሠራ ነው። ዓሣ ካሉት ከማርኬ ጠረፍ የሚመጣውን ነጩን ቬርዲኪዮ። ቅቤና ሥጋ የበዛበት ከሆነ የሰሜኑን ባርቤራ፤ ጎምዘዝ ስለሚል ስቡን ከምላስ ያጥበዋል። አብረው ያደጉ ምግብና ወይን እንደ ጎረቤት ናቸው፣ አመላቸውን ይተዋወቃሉ ብሎ ያምናል።

አገሮቹን ለመያዝ ግን እሱን አልጠየቅኩም። አባቴን ነው የጠየቅኩት። ሻይ እየጠጣን "አባዬ፣ ማርኬ የሚባለው የጣሊያን ክፍል የት ነው?" ስላቸው ፊታቸው በራ። መነጽራቸውን አድርገው፣ በፖስታ የመጣ የማስታወቂያ ወረቀት ገልብጠው፣ የጣሊያንን ካርታ ከነተራራው ሳሉልኝ። ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ፣ የእሳተ ገሞራ አፈር ያለው የትኛው እንደሆነ፣ ምሥራቁ ጠረፍ ለምን እንደሚነፍስበት አስረዱኝ። ለምን እንደጠየቅኳቸው አልጠየቁኝም። ልጃቸው ትምህርት የፈለገች መስሏቸው ነው። እኔም በማግስቱ በዚያ ካርታ ወይን ሸጥኩ።

በአንዱ ክረምት ባለሱቁ ታመመ። ያኔ ሰውን ሁሉ ይይዝ የነበረው ኮቪድ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ከስቶ ተመለሰ። ሌላው ነገሩ ሁሉ ደህና ይመስል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ልማዱ ለደንበኞች ቅምሻ አዘጋጀና አንድ ቬርዲኪዮ ከፈተ። ብርጭቆውን አዙሮ፣ አሽትቶ፣ "ለውዝ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ትንሽ የባሕር ጨው" አለ። እኔ አይብ ይዤ በአጠገቡ ሳልፍ የሸተተኝ ግን ዝናብ የመታው ካርቶን ነው። ቡሹ የተበላሸ ጠርሙስ እንደዚያ ይሸታል፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ለማንም አልተቀዳም ነበርና "ይሄ አልቀዘቀዘም፣ ሌላ ላምጣ" ብዬ ጠርሙሱን አነሳሁ። ዓይኔን አየኝ።

ሰዎቹ ሲወጡ ባዶ የወይን ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

"ምን ነበረው?" አለኝ።

"ቡሽ።"

"በጣም?"

"ከበሩ ላይ ብቆም እንኳ ይሸተኝ ነበር።"

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ምንም አይሸተኝም። ከታመምኩ ጀምሮ አንዲት ነገር። ከዓመታት ትዝታ ነው የማወራው። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለኝ። እባክሽ ለሰው አትንገሪ፤ አፍንጫ ከሌለኝ ሱቅ የለኝም።"

አልናገርም አልኩት። ያን ቀን እኔም ስለ አባቴ ነገርኩት። ምን እንደምሸጥ እንደማያውቁ ነገርኩት። የሰው ምስጢር ስትቀበል የራስህን መስጠት ቀላል ይሆናል፤ ሸክሙ ግን ሁለት እጥፍ ሆነ እንጂ አልቀነሰም።

ከዚያ በኋላ ማሽተት ብቻ አልበቃም። አስመጪዎች ናሙና ይዘው ሲመጡ መግዛት አለመግዛታችንን መወሰን ነበረብን፤ ለዚያ ደግሞ መቅመስ ግድ ነው። እንዴት እንደሚተፋ አስተማረኝ። መጀመሪያ ቀን አፌ ውስጥ ይዤው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከወይኑ ይሁን ከሕሊናዬ አላውቅም። መትፋት መጠጣት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቆይቶ አንዳንድ ቀን፣ ወይኑ ጥሩ ሲሆን፣ ሳልተፋው እቀር ነበር። ይህንን ካልጻፍኩ የቀረውን ባልጻፍኩት ይሻላል።

አንድ የሚያስገርም ነገር ያወቅነው ያኔ ነው። ሽታው ቢጠፋም ምላሱ ደህና ነበር። ጎምዛዛውን፣ ጣፋጩን፣ መራራውን፣ ድድን የሚያደርቀውን፣ የሚያቃጥለውን ከእኔ በላይ ይለያል። እኔ ደግሞ ምላሴ ገና ጀማሪ ነው፤ አፍንጫዬ ግን አይስትም። አንድ ብርጭቆ መሃላችን አስቀምጠን እሱ ስለ ምላሱ፣ እኔ ስለ አፍንጫዬ እንናገራለን። ከሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው ይወጣን ነበር።

በፀደይ አንዲት ሴት ከበልትስቪል መጣች። ሐበሻ መሆኔን ስታይ በእፎይታ ወደ አማርኛ ገባች። ልጇ አሜሪካዊ ልታገባ ነው፤ የልጁ ቤተሰብ ለሽምግልና ቤቷ ይመጣል።

"እኔ ውስኪ ነው የማውቀው" አለች። "እነሱ ደግሞ ወይን ነው የሚጠጡት አለችኝ ልጄ። ምግቡ የኛ ነው፤ ዶሮ ወጥ ነው ዋናው። ሰው ብዙ ነው፣ ዋጋውም እንዳይጎዳኝ። አንቺ ታውቂያለሽ መቼስ፣ ለዶሮ ወጥ የሚሆነው የትኛው ነው?"

አላውቅም ነበር። ዓመታት ሙሉ ለሰው ሁሉ እራት ወይን ስመርጥ ስለ ራሴ ምግብ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። "እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጪኝ" አልኳት።

ባለሱቁ ቅመም ለበዛበት ምግብ የሚሰጠው ከደቡብ፣ ከፑሊያ የሚመጣውን ፕሪሚቲቮን ነበር፤ ወፍራም፣ ደማቅ፣ ሞቅ የሚያደርግ ወይን ነው። "ሳንሞክር አንሸጥላትም" አልኩት። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ዶሮ ወጥ በዕቃ አስሞልቼ መጣሁ። ሱቁ ጭር ብሏል። አምስት ጠርሙስ ከፈትን።

ፕሪሚቲቮው ላይ ባለሱቁ ጮኸ። አልኮሉ ከበርበሬው ጋር ተባብሮ አፉን አነደደው። ከካምፓኒያ የመጣው አሊያኒኮ ደግሞ ብቻውን ግርማ ያለው ወይን ነው፤ ከወጡ በኋላ ግን ግራዋ ያኘክን ያህል ድዳችንን አሰረው። ቬርዲኪዮው ከነጭራሹ ጠፋ፤ ውኃ የጠጣን መሰለን። ባርቤራው ሲመጣ ተያየን፤ ጉምዛዜው ቅቤውን ቆረጠልን፣ ቃጠሎውን ግን አላበረደውም። "ይሄ ለክትፎ ነው" አልኩ፣ ወዲያው።

መጨረሻ ላይ ላምብሩስኮ ቀረ። ከኤሚሊያ የሚመጣ፣ የሚፍለቀለቅ ቀይ ወይን ነው፤ በርዶ ይጠጣል፣ የኛው ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነበር። ዋጋው ከሁሉም ያንሳል። ደንበኞች እንደ ልጆች መጠጥ ያዩታል። እንጀራውን ጠቅልዬ ጎረስኩና አስከተልኩበት። አረፋው በርበሬውን ከምላሴ ላይ ጠራርጎ አነሳው፤ ቃጠሎው ተኛ። ከሥሩ ብዙ የተቁላላው ሽንኩርት ጣፋጭነት፣ የኮረሪማው ሽታ አንድ በአንድ ተመለሰ። ባለሱቁ ዓይኑን ጨፍኖ "ጸጥ አለ" አለ። "አፌ ውስጥ ጸጥ አለ።" እኔ ወደ መትፊያው ባልዲ ጎንበስ ብዬ ስተፋ የበሩ ደወል ጮኸ።

ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው፣ ስልኬን በሌላው ይዘዋል።

"ስልክሽን ረስተሽው ሄድሽ" አሉ። "ክሊኒኩ ስለ ቀጠሮሽ ደጋግሞ ኮል ሲያደርግ ይዤልሽ መጣሁ።"

ለአደጋ ብዬ የሱቁን አድራሻ ጽፌ ቦርሳቸው ውስጥ የከተትኩላቸው እኔው ነኝ። ባቡሩንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ጠርሙሶቹን አዩ፣ ባልዲውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። አፌን በእጄ ጠረግኩ። ባለሱቁ ማንነታቸው ወዲያው ገባው፤ ተነስቶ ወንበር ሳበላቸው፣ ዳቦ ቆርጦ የወይራ ዘይት አፈሰሰበትና ከውኃ ጋር አቀረበላቸው። አባቴ የሰው ማዕድ ገፍተው አያውቁም። ቆመው በዝግታ ጸለዩ፤ ተቀምጠው በሉ።

"ያ ዶሮ ወጥ ነው?" አሉኝ።

"አዎ አባዬ።"

"ቀለሙ አላማረኝም፤ ሽንኩርቱ አልበሰለም" አሉና ወንበራቸውን ወደ ፓስታው አዞሩ። "ሥራሽን ጨርሺ። እጠብቅሻለሁ።"

ጀርባቸውን ለወይኑ ሰጥተው ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። እኔ በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ለሰው ምን እንደሸጥኩ አላስታውስም።

ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወንዙን ስንሻገር ነው የተናገሩት።

"ስንት ጊዜ ሆነሽ?"

"አምስት ዓመት።"

"እኔ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው።"

"አዎ።"

"ስገባ እየተፋሽ ነበር።"

"ቀምሰን እንተፋዋለን፤ ሥራው እንደዚያ ነው።"

"ሁልጊዜ ትተፊዋለሽ?"

አዎ ማለት እችል ነበር። "ሁልጊዜ አይደለም" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለሁሉም ነገር ጥቅስ የማያጡት አባቴ አንድም አልጠቀሱም። ባቡር ቀይረን ከተቀመጥን በኋላ፣ መስኮቱን እያዩ፣ "ያንን ካርታ የሳልኩልሽ ለዚህ ነበር?" አሉኝ።

ስለ ወይኑ ቢቆጡኝ ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም።

"አያትሽ በምን እንደሞተ ታውቂያለሽ?" አሉ ቆይተው።

"በጉበት ነው ያላችሁን።"

"በአረቄ ነው። ማንም ሳይነካው መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማ በር ዘግተን ነው የኖርነው። ይህን ከእናትሽ በቀር የሚያውቅ የለም።" ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሡ። "አሁን አንቺም አወቅሽ።"

ቤታችን ከዚያ በኋላ ጨዋነት በዛበት። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" ይሉኛል ሳህን ባነሳሁ ቁጥር፤ ከዚያ ውጭ ቃል የለም። እኔም ሌላ ሰው ሳይነግርብኝ ብዬ ፓስተሩ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ተናገርኩ። አልተቆጣኝም። ለጊዜው ልጆቹን ማስተማር እንዳቆም ግን ለመነኝ። የልጆቹን መጻሕፍት ቁም ሣጥን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በተለይ የምወዳት አንዲት ልጅ "ዌር ወር ዩ?"፣ የት ነበርሽ፣ ብላ እሁድ እንደምትጠይቀኝ ስላወቅኩ። ነገሩ በሽማግሌዎች ስብሰባ ሲነሳ አባቴ ለእኔም አልተሟገቱ፣ እኔንም አልወቀሱ። ይህን የነገረኝ ፓስተሩ ነው።

ያን ሳምንት ሥራውን ልለቅ ወሰንኩ። እራት ላይ ለአባቴ ነገርኳቸው።

"ሌላ ሥራ አግኝተሽ ነው?"

"አላገኘሁም። ግን እርስዎን አዝነው ማየት አልቻልኩም። የከበደኝ ሰውየውን መተው ነው። ሽታ ጠፍቶበታል፤ ያለ እኔ አይሆንለትም።" ምስጢሩን እንዳወጣሁ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ምንም አይሸተውም?"

"ምንም። ሐኪሙ ጧት ጧት ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ጽጌረዳና ባሕር ዛፍ እንዲያሸት አዞታል። አፍንጫው እንደ ልጅ እንደገና ይማራል አሉት።"

"እናትሽ በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ፣ ከመድኃኒቱ የተነሳ፣ ምግብ አልሸት ብሏት ነበር" አሉ። "የልብሴ ሽታ እንኳ ጠፋብኝ ብላ አለቀሰችብኝ። ምን እንደምላት አላወቅኩም ነበር።"

በማግስቱ ጧት ልወጣ ስል ከበረንዳው ገቡ። በረንዳችን ላይ በባልዲ ጤና አዳም ይተክላሉ፤ አንድ እፍኝ ቆርጠው፣ ግንዱን በረጠበ ሶፍት ጠቅልለው፣ በላስቲክ አድርገው ሰጡኝ። "ሐኪሙ ያዘዘለት ሁሉ ለስላሳ ነው" አሉ። "ይሄ ቁጡ ነው። አሽቶ ያሽትተው በዪው። ሥራውንም አሁን አትልቀቂ፤ የታመመ ሰው ትተሽ አትወጪም።"

ባለሱቁ ቅጠሉን ተቀብሎ አሸተተ። ምንም። "በጣትህ እሸው አሉ አባቴ" አልኩት። አሸው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አይብ መቁረጤን ቀጠልኩ፤ ብዙ ጊዜ ተስፋ ሲቆርጥ ስላየሁ ማየት አልፈለግኩም ነበር።

"መራራ" ሲል ሰማሁት። "አረንጓዴ። ሩቅ ነው... ግን አለ። አያቴ ጠርሙስ ውስጥ ይከተው ነበር ይሄንን።"

አያቱ፣ የአብሩዞ ሰዎች ግራፓ የሚሉት፣ ከተጨመቀ የወይን ፍሬ ትራፊ የሚወጣ ንጹሕ ጠንካራ መጠጥ ውስጥ ይህንኑ ቅጠል ይዘፈዝፍ ነበር። ቁርጥ የኛ አረቄ ነው። ይህንን ለአባቴ መንገር አለመንገር ሙሉውን መንገድ አሳሰበኝ። አንዴ መደበቅ ትቻለሁ ብዬ ነገርኳቸው። ስለ ሽታው ሲሰሙ "ተመስገን" አሉ። ስለ አረቄው ሲሰሙ ግን አፍጥጠው አዩኝ።

"ጤና አዳምን? አረቄ ውስጥ?"

"ለሆድ ነው አለ።"

"ሁሉም ለሆድ ነው ይላል" አሉና ሳቁ። ከባቡሩ ቀን ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። በሳምንቱ ሌላ እፍኝ ቆረጡ።

የበልትስቪሏ ሴት ላምብሩስኮና ባርቤራ ወስዳ ነበር። ከሽምግልናው በኋላ መጣችና መሃል ሱቁ ላይ አቀፈችኝ። አንድ አጎት ውስኪ ካልመጣ ብሎ አስቸገረ እንጂ፣ የልጁ አባት ዶሮ ወጡን በላምብሩስኮ እያወራረደ ሦስተኛ ጊዜ አስጨምሯል። ከዚያ ወዲህ ለሐበሻ ደንበኞች ብዬ ከጠርሙሶቹ ሥር በአማርኛ ትንንሽ ካርድ ለጠፍኩ። "ለክትፎ"፣ "ለጥብስ"፤ ሶአቬ የሚባለው ለዘብ ያለ ነጭ ወይን ሥር ደግሞ "ለጾም በያይነቱ፣ ሚጥሚጣ ካልበዛ"። ድድ የሚያደርቀውን ወይን በእንግሊዝኛ የሚሉትን ቃል ፈልጌ ስላልጣመኝ "ግራዋ ግራዋ ይላል" ብዬ ጻፍኩ። ሰው አንብቦ ይስቃል፤ ግን ይገባዋል።

የባለሱቁ አፍንጫ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሎሚውና ጤና አዳሙ መጡ፣ የእንጨት ጭስ መጣ፤ ወይን ግን አሁንም የተቃጠለ ጎማ ሆኖ ይሸተዋል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ደንበኞቹን ሰብስቦ ራሱ ተናገረ። ከታመመ ጀምሮ ወይኑን የምመርጠው እኔ እንደሆንኩ፣ እሱ ደፍሮ እንዳልነገራቸው አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አንዲት የድሮ ደንበኛ "ጠርጥረን ነበር እኮ" አለችው። "ወይኑ ስለተሻለ ዝም አልን።" ሰው ሲስቅ እሱም ሳቀ፤ እኔ መጋዘን ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

አሁን ሱቁን ሽጦ ልጁ ዘንድ ሄዷል። አዲሷ ባለቤት ወይን መምረጡን ለእኔ ትታልኛለች። ቤተ ክርስቲያን ልጆቹን ወደ ማስተማር አልተመለስኩም። እሁድ እሁድ ከአባቴ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ያቺ ልጅ መጥታ ከጎኔ ትሸጎጣለች። አባቴ ዛሬም ሥራዬን አልወደዱትም፤ እንደሚወዱትም አይዋሹኝም። አንዳንድ ቀን ምሳዬን ይዘው በባቡር ይመጣሉ፣ ፓስታው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ አዲሷን ባለቤት ስለ ተራራና ስለ ዝናብ ያስተምሯታል።

ባለፈው ሳምንት ዓሣ ጠበስኩላቸው። በሎሚና በቃሪያ፣ እንደሚወዱት አድርጌ። ግማሹን ከበሉ በኋላ ሹካቸውን ይዘው ቆዩ።

"እንደው ለማወቅ ያህል" አሉ፣ "ይሄ ከየትኛው ጋር ነው የሚሄደው?"

"ቬርዲኪዮ። ከማርኬ።"

"ከምሥራቁ ጠረፍ።"

"አዎ፣ ነፋስ ካለበት።"

"ይሆናል፣ ይሆናል" አሉና አሰቡት። ከዚያ ባዶ ብርጭቆአቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "በይ፣ ውኃ ጨምሪልኝ።"